እርሳስ የሆነው አልማዝ

[ላሊበላ፣ እሑድ ማለዳ፣ አንድ ለአምስት መደራጀት አገሩን ሁሉ ባጥለቀለቀበት ዘመን። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ወረድ ብሎ ባለ የመስቀልና የቀለበት መሸጫ ሱቅ ውስጥ ባዘዘው የሚባል ወጣት ጭስ ከሚተፋ ምድጃ ፊት ቁጢጥ ብሏል። ጋቢውን ደርቦ፣ አንዱን ጫፍ ቋጥሮ ትከሻው ላይ ጥሎታል። ሥራው ማስረጀት ነው፦ ሰኞ የተሠራ መስቀል በቅቤ የተለወሰ ጥላሸት ይቀባል፣ ጭስ ይጠጣል፣ ዓርብ ላይ የንጉሥ ላሊበላ ዘመን ዕቃ ይሆናል። አጠገቡ የቆመው ኢያቄም አስጎብኚ ነው። አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሷል። የሚያውቀውን ይናገራል፤ የማያውቀውን ደግሞ አጥብቆ ይናገራል። ዛሬ የባዘዘውን እህት ፀደይን ለማጨት ሽማግሌ ይልካል። ከሌሊት ጀምሮ ፈርቷል፤ ኢያቄም ሲፈራ ደግሞ ያስተምራል።]

ኢያቄም፦ ጥላሸቱን ከልብሴ አርቅ ብዬሃለሁ!

ባዘዘው፦ እኔ አላስጠጋሁትም፤ አንተ ነህ የተጠጋኸው።

ኢያቄም፦ እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ ጥላሸት ካለ አስጠግተኸዋል ማለት ነው።

ባዘዘው፦ ጥላሸቱ ከአንተ በፊት ነበር እኮ። ከንጋት ጀምሮ እዚህ ነን፣ እኔና እሱ።

ኢያቄም፦ ሽማግሌዎቹ ቢያስጠሩኝስ? በዚህ ነጠብጣብ ልብስ ነው እናትህ ፊት የምቀርበው?

ባዘዘው፦ ጥላሸትን ደግሞ እንዲህ አትናቀው። ትናንት አንተው አይደለህም የአልማዝ ወንድም ነው ያልከኝ?

ኢያቄም፦ ነውም! ጥላሸት ካርቦን ነው። ከሰልም ካርቦን ነው። የእርሳስ ውስጡ፣ ያ ጥቁሩ፣ ካርቦን ነው። የቀለበቴ አልማዝም ካርቦን ነው። ሁሉም አንድ ዘር ናቸው።

ባዘዘው፦ ታዲያ አንድ ዘር ከሆኑ አንዱን ምድጃ ውስጥ፣ አንዱን ጣት ላይ ምን አወጣው?

ኢያቄም፦ አደረጃጀት!

ባዘዘው፦ [ግራ ቀኝ ገልመጥ ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል] ኧረ በማርያም! እዚያም ደረሱ?

ኢያቄም፦ የቀበሌውን አላልኩህም! የአተሞቹን ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል አብረን በፕላዝማ ቴሌቪዥን የተማርነው ጠፋህ?

ባዘዘው፦ እኔ ፕላዝማው ሲከፈት እንቅልፌ አብሮ ይከፈት ነበር። ሰውየው በእንግሊዝኛ እንዲያ ሲጣደፍ፣ መኪና የሚያመልጠው ነበር የሚመስለኝ።

ኢያቄም፦ ለዚህ ነው ዛሬ መስቀል የምታጥነው። በል ስማ። አልማዝ ውስጥ አንድ ካርቦን አራት እጅ አለው በል። በአራቱ እጁ አራት ጎረቤት ጨምድዶ ይይዛል። ጎረቤቶቹም እያንዳንዳቸው አራት አራት ይይዛሉ። ማንም ማንንም አይለቅም።

ባዘዘው፦ አንድ ለአራት።

ኢያቄም፦ እ… አዎ፣ እንደዚያ በለው።

ባዘዘው፦ እኛ አንድ ለአምስት ሆነን እንኳ አንድ የፈረሰ ካብ መልሰን መካብ አቃተን። እነሱ በአራት እንዴት እንዲህ ጠነከሩ?

ኢያቄም፦ ስብሰባ የለባቸውማ!

[ሁለቱም አንድ ላይ ወደ በሩ ያያሉ። ማንም የለም። ይተነፍሳሉ።]

ኢያቄም፦ ዋናው ነገር ግን ዩኒት ሴሉ ነው። የእናትህን የክት ቀሚስ ጥለት አይተኸዋል? ሸማኔው አንዲት ትንሽ ቅርጽ ያወጣል። ከዚያ ወዲያ አዲስ ነገር አይጨምርም፤ ያቺኑ ይደጋግማታል። ያቺ ትንሿ ቅርጽ ዩኒት ሴል ናት። የአልማዝ ዩኒት ሴል እንደ ሳጥን ናት። ሳጥኗን ጎን ለጎን ደርድር፣ አንዷን በአንዷ ላይ ጫን፤ አለቀ፣ አልማዝ ነው።

ባዘዘው፦ እና አንዷን ሳጥን ያገኘ ሰው አልማዙን ሁሉ አገኘ ማለት ነው?

ኢያቄም፦ ጠባዩን አወቀ ማለት ነው። የቀረው መደጋገም ነው።

ባዘዘው፦ አንዷ ሳጥን ውስጥ ስንት ካርቦን ይኖራል?

ኢያቄም፦ ስምንት።

ባዘዘው፦ አቀማመጣቸውስ?

ኢያቄም፦ በስምንቱ ማዕዘን ስምንት፣ በስድስቱ ግድግዳ መሐል መሐል ስድስት፣ ውስጧ ደግሞ አራት።

ባዘዘው፦ [በጣቱ ይቆጥራል፤ ጣቱ ሲያልቅበት በመስቀሎቹ ይቀጥላል] አሥራ ስምንት መጣብኝ።

ኢያቄም፦ ስምንት ነው አልኩህ!

ባዘዘው፦ መስቀሎቹን አንተው ቁጠራቸው እንግዲህ።

ኢያቄም፦ የማዕዘኑ ካርቦን የአንዷ ሳጥን ብቻ አይደለማ! ስምንት ሳጥኖች እሱ ላይ ይገናኛሉ፤ ለአንዷ የሚደርሳት አንድ ስምንተኛው ነው። ስለዚህ ስምንቱም ማዕዘን ተደምሮ አንድ ብቻ ይሆናል። የግድግዳው ደግሞ የሁለት ጎረቤት ነው፤ እኩል ይካፈሉታል፤ ስድስቱ ሦስት ይሆናሉ። አንድና ሦስት፣ ከውስጥ አራት። ስምንት!

ባዘዘው፦ አሃ፣ እንደ እኛና እንደ ጎረቤታችን እንደ እትዬ ትሁን ግድግዳ።

ኢያቄም፦ ልክ ብለሃል!

ባዘዘው፦ እናቴ ግድግዳው የኔ ነው ትላለች፤ እትዬ ትሁንም የኔ ነው ይላሉ። ፍርድ ቤት ከተመላለሱ ስንት ዘመናቸው። አንተ እኩል ነው ነው የምትለው?

ኢያቄም፦ ሳይንሱ እንደዚያ ነው የሚለው።

ባዘዘው፦ ይህን ሳይንስ እናቴ ፊት እንዳታነሳው። ሽማግሌዎችህ ሳይቀመጡ ይመለሳሉ።

ኢያቄም፦ [ደንግጦ] አላነሳም።

ባዘዘው፦ እኔን ያሳዘነኝ ግን የማዕዘኑ ነው።

ኢያቄም፦ ማን?

ባዘዘው፦ ካርቦኑ። ስምንት ቤት ዕድር ሊከፍል ነው እኮ።

ኢያቄም፦ ኤጭ! ግራፋይትን ልንገርህና ልተውህ። የእርሳስ ውስጡ ግራፋይት ነው። እዚያ ደግሞ ካርቦን በሦስት እጁ ብቻ ነው የሚያያዘው። የማር እንጀራ አይተህ የለ፣ ስድስት ስድስት ማዕዘን ያለው? እንደዚያ ሆኖ ይዘረጋል። አንዱ ሉህ በሌላው ላይ ይነባበራል፤ ሉሆቹ ግን አጥብቀው አይያያዙም፤ ይንሸራተታሉ። እርሳስ የሚጽፈው ሉሁ እየተገፈፈ ወረቀት ላይ ስለሚቀር ነው።

ባዘዘው፦ አራተኛው እጅስ?

ኢያቄም፦ ሥራ ፈት ነው። ወዲያ ወዲህ ሲል ይውላል። ግራፋይት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው በእሱ ነው።

ባዘዘው፦ ለካስ! መብራት በየቀኑ የሚጠፋብን ነገሩ በሥራ ፈት እጅ ስለተያዘ ነው!

[ከውጭ ሳል ይሰማል። ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ ወጥተው ከሱቁ ፊት ለፊት ወይራው ሥር ተሰብስበዋል። የሚሳሉት መሪያቸው መምሬ ገብረ ሊባኖስ ናቸው። ኢያቄም ምድጃው ዳር ያለ በርጩማ ላይ ዘጭ አለ።]

ኢያቄም፦ መጡ! በል ቀለበቴን ስጠኝ። ማታ አንተ ዘንድ ያሳደርኩት የኔን ቤት አይጥ ፈርቼ ነው። ፈረንጇን አሮጊት አሸተን ማርያም በበቅሎ ሳወጣት…

ባዘዘው፦ «ለምታገባት ስጣት» ብላ ከጣቷ አወለቀችልህ። አልማዝ ነው ብላሃለች። ይህን ከኔ አልፎ በቅሎዋም ታውቀዋለች።

ኢያቄም፦ እናትህ ያሉትንም ታውቃለህ።

ባዘዘው፦ «ቀለሙን የሚለውጥ ነገር ደጄን አይረግጥም።»

ኢያቄም፦ ድምፃቸውን አስመስለህ አትበለው፤ የመጡ ይመስለኛል።

ባዘዘው፦ በእህቴ በሰብሌ ደርሶባት ነዋ። አማቻችን ያመጣው ወርቅ በሰርጓ ሳምንት አንገቷ ላይ አረንጓዴ ሆነ። እሱም ወር ሳይሞላው ተለወጠ።

ኢያቄም፦ ለዚህ ነው ፊታቸው ቆሜ «እትዬ ባንችይርጋ፣ መቼም የማይለወጥ ነገር አመጣለሁ» ብዬ የማልኩት። ያንን ካላየሁ ፀደይን ለጋሸናው ባለ ምግብ ቤት እድራታለሁ ብለውኛል። ያ ሰውዬ ደግሞ ሲስቅ ከጥርሱ ሆዱ ይቀድማል!

[ባዘዘው የጋቢውን ቋጠሮ ከትከሻው አውርዶ በጥፍሩ ይታገለው ጀመር። ቋጠሮው ጠብቋል። ኢያቄም ግን ትዕግሥት ከወዴት ያመጣል፤ ዓይኑ ከምድጃው አጠገብ በተጋደመ ጣውላ ላይ ሲንከራተት አንድ ቀለበት አየ። ባለ ድንጋይ ቀለበት ነው። ድንጋዩ ግን ድስት ቂጥ መስሎ ጠቁሯል።]

ኢያቄም፦ ይ… ይሄ ምንድን ነው?

ባዘዘው፦ ቀለበት ነው።

ኢያቄም፦ ድንጋዩን ነው የምልህ!

ባዘዘው፦ ጠቁሯል።

ኢያቄም፦ [ያነሳዋል] ማታ እንደ ምንጭ ውኃ ነበር እኮ የጠራው!

ባዘዘው፦ ኧረ ኢያቄም፣ እሱ እኮ…

ኢያቄም፦ አታቋርጠኝ! ገባኝ። ወይኔ ልጁ፣ ገባኝ! የፕላዝማው መምህር ብሎ ነበር!

ባዘዘው፦ ምን ብሎ?

ኢያቄም፦ «አልማዝ እየቆየ ወደ ግራፋይት ይለወጣል» ብሎ! በዚች ጆሮዬ ነው የሰማሁት። ይህን እንዳለ መብራት ሄደ፤ እኔም ደብተሬን አጥፌ ወጣሁ።

ባዘዘው፦ ከዚያ በኋላ ግን እኮ…

ኢያቄም፦ አታቋርጠኝ ብያለሁ! ምን ያህል ቆይቶ እንደሚለወጥ አልሰማሁም ነበር። ይኸው አሁን አወቅሁት። አንድ ሌሊት ነው!

ባዘዘው፦ ምናልባት ጥላሸት ቢሆንስ?

ኢያቄም፦ አንተ ከጥላሸት ሌላ ምን ታውቃለህ! ሳይንስ በምናልባት አይሄድም፤ ይፈተናል። ግራፋይት ከሆነ ይጽፋል። [አንድ ካርቶን ስቦ ድንጋዩን ይጭርበታል። ወፍራም ጥቁር መስመር ይወጣል] ጻፈ! ኧረ ጻፈ!

ባዘዘው፦ ምን ብሎ ጻፈ?

ኢያቄም፦ የሞቴን መርዶ! እጃቸውን ለቀቁ፣ ባዘዘው። አራት እጅ የነበረው ሁሉ ሦስት እጅ ሆኖ አደረ።

ባዘዘው፦ ሌሊት ስብሰባ ተጠርተው ይሆናል።

ኢያቄም፦ [ጭንቅላቱን ይዞ] እኔ እኮ ፀደይን እወዳታለሁ። አስጎብኚ ይሉኛል፤ እሷ በዚያ በኩል ካለፈች አፌ የሚለውን አላውቅም። አንድ ቀን ቤተ ጊዮርጊስን ቤተ ማርያም ብዬ አስጎብኝቼ ተመልሻለሁ።

ባዘዘው፦ አልነቁብህም?

ኢያቄም፦ ፎቶ አንስተው፣ አመስግነው ሄዱ። አሁን ግን እናትህ አያመሰግኑኝም። እርሳስ ይዤ ሄጄ ያሳድዱኝ ልበላቸው? እጠፋለሁ። በፍላቂት በኩል በሚመጣው መኪና ወልድያ እገባለሁ።

ባዘዘው፦ ከመጥፋትህ በፊት ያ የያዝከው ቀለበት…

ኢያቄም፦ አታቋርጠኝ፣ ሐሳብ መጣልኝ! ይመለሳል! ግራፋይት በትልቅ ሙቀትና በትልቅ ግፊት ተመልሶ አልማዝ ይሆናል። እሱን መብራት ሳይሄድ ነው የተማርኩት።

ባዘዘው፦ ግፊት ማለት መጫን ነው?

ኢያቄም፦ እጅግ መጫን።

ባዘዘው፦ ልቀመጥበት?

ኢያቄም፦ አትበቃም።

ባዘዘው፦ እትዬ ትሁንን ልጥራቸው?

ኢያቄም፦ እሳቸውም አይበቁም!

ባዘዘው፦ እንዲህ ማለትህን አልነግራቸውም። ጋሸና ወስደን እህል የጫነ መኪና ጎማ ሥር ብናደርገውስ?

ኢያቄም፦ ሽማግሌ ደጅ ቆሞ ጋሸና! ሙቀት ይኸው፣ ፍም። ግፊት ይኸው፣ መዶሻ።

ባዘዘው፦ ኢያቄም፣ በሞቴ፣ አንዲት ቃል ብቻ…

ኢያቄም፦ አ-ታ-ቋ-ር-ጠ-ኝ!

[ቀለበቱን በጉጠት ይዞ ፍሙ ውስጥ ከተተው። እስኪግል ጠበቀ፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ጠበቀ ማለት ነው። አወጣና ደፉ ላይ ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አኖረው። በስመ አብ ብሎ አማተበ፣ መዶሻውን በሁለት እጁ አነሳ፣ አሳረፈው። ጧ! የቀለበቱ ድንጋይ እንደ ቆሎ ተፈናጠረ። አንዱ ፍንጣሪ ጣሪያውን መትቶ ተመለሰ።]

ባዘዘው፦ ሆነ?

ኢያቄም፦ [ተንበርክኮ መሬቱን እየዳበሰ] ደቀቀ።

ባዘዘው፦ አንዷ ሳጥን እንኳ አልተረፈችም?

ኢያቄም፦ አታሹፍብኝ።

ባዘዘው፦ የምሬን ነው። አንዷ ካለች የቀረው መደጋገም ነው ብለኸኝ የለ?

[ኢያቄም አለቀሰ። ማስመሰል የለበትም፤ ጮክ ብሎ ነው ያለቀሰው። ሙሉ ልብሱን እንዳያበላሽ የሚያብስበት ሲፈልግ የባዘዘውን የጋቢ ጫፍ ስቦ ዓይኑ ላይ አደረገው። አንድ ደረቅ ነገር ዓይኑን ወጋው።]

ኢያቄም፦ እህ! ዓይኔን! ይሄ ጋቢህ ውስጥ የቋጠርከው ምንድን ነው?

ባዘዘው፦ ቀለበትህን ነዋ።

ኢያቄም፦ ምኔን?

ባዘዘው፦ ቀለበትህን። ማታ የሰጠኸኝን። ሱቁ ጭስ ነው፣ ይጠቁርበታል ብዬ ጋቢዬ ላይ ቋጥሬ አሳደርኩት። ቅድም ልፈታልህ ጀምሬ ነበር፤ አንተ ሌላ አነሳህ።

[ቋጠሮውን በጥርሱ ፈታው። ከስንዴ ቅንጣት የማትበልጥ ድንጋይ በበሩ የገባውን ፀሐይ ተቀብላ ብልጭ አለች። ልክ ማታ እንደነበረችው ናት።]

ኢያቄም፦ ታዲያ… ያ ያደቀቅሁት?

ባዘዘው፦ እሱማ የንግሥት መስቀል ክብራ ዘመን ቀለበት ነበር።

ኢያቄም፦ የንግሥት!

ባዘዘው፦ አትደንግጥ፣ ማክሰኞ ነው የተሠራው። ድንጋዩ የጠርሙስ ስባሪ ነው። ጥላሸት ቀብቼው ላስረጀው ነበር፤ ልጅ እያለ ቀጨኸው።

ኢያቄም፦ እና ለምን አትነግረኝም?!

ባዘዘው፦ አታቋርጠኝ አልከኛ።

[ኢያቄም አፈረ። ፊቱ ቀላ፣ ጆሮውም ቀላ። ግን ሰው ጠባዩን በአንድ ማለዳ አይጥልም። ብድግ ብሎ ጉልበቱን አራገፈ።]

ኢያቄም፦ ቢሆንም ሳይንሱ አልተሳሳተም። አልማዝ ወደ ግራፋይት ይለወጣል። መምህሩ ብሏል!

ባዘዘው፦ ብሏል። ግን እኮ ጨርሶታል።

ኢያቄም፦ አንተ በምን አወቅህ? ተኝተህ አልነበር?

ባዘዘው፦ ተኝቼ ስለነበር ነዋ። መብራት ሲሄድ ሁላችሁም እየተንጫጫችሁ ወጣችሁ፤ እኔን ማን ቀሰቀሰኝ? ኋላ መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ፕላዝማው ጮኸብኝና ባነንኩ። ክፍሉ ባዶ ነው፤ እኔና መምህሩ ብቻ ነን። «ጥያቄ አላችሁ?» አለ። ዝም አልኩ። «በጣም ጥሩ» አለኝ። አስተማሪ አመስግኖኝ የሚያውቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

ኢያቄም፦ እሺ፣ ከዚያስ?

ባዘዘው፦ ትምህርቱን ሲያጠቃልል ደገመልኝ። «አልማዝ ወደ ግራፋይት ይለወጣል፤ ነገር ግን እስኪለወጥ ድረስ የምድር ዕድሜ እንኳ አይበቃም» አለ።

ኢያቄም፦ በእንግሊዝኛ ያለው እንዴት ገባህ?

ባዘዘው፦ ስለ ዕድሜ ነዋ የሚያወራው። ከልጅነቴ ጀምሮ ለፈረንጅ ዘመን ስቆጥር አይደል ያደግሁት?

ኢያቄም፦ እና ይህን ሁሉ ዓመት ታውቀው ነበር?

ባዘዘው፦ አንተ መጀመሪያውን ታውቃለህ፣ እኔ መጨረሻውን አውቃለሁ። መሐሉን እንጃ።

የመምሬ ገብረ ሊባኖስ ድምፅ፦ [ከውጭ] ኧረ ልጆች! ሙሽራው ሳያረጅ ቀለበቱን አውጡልን እንጂ!

ባዘዘው፦ መጣን፣ መምሬ! ማስረጃው እንኳ እኛ ጋ ነበር!

ኢያቄም፦ [ቀለበቱን ተቀብሎ] ባዘዘው፣ እናትህ «ይለወጣል ወይ?» ብለው ቢጠይቁ ሽማግሌዎቹ ምን ይበሉ?

ባዘዘው፦ «ይለወጣል፤ ግን እርስዎ ካለፉ በኋላ ነው» ይበሏት።

ኢያቄም፦ በዱላ ያባርሯቸዋል!

ባዘዘው፦ እንግዲያው «አይለወጥም» ይበሉና ዝም ይበሉ። አንተም ብትጠራ ዝም በል። ስለ ግድግዳ የለ፣ ስለ ማዕዘን የለ። ዛሬን ብቻ ዝም ካልክ እህቴ ያንተ ናት።

ኢያቄም፦ ዝም እላለሁ። ማርያምን ዝም እላለሁ። [ወደ በሩ ሄዶ፣ ከደፉ ላይ ይመለሳል] ስማኝማ… መምህሩ በዚያው አበቃ?

ባዘዘው፦ አላበቃም። «ይህ ግን አልማዙ እሳት ዳር ካልቆየ ነው። እሳት ዳር ከቆየ ግን…» አለ።

[ኢያቄም ምድጃውን አየ። ከንጋት ጀምሮ ምድጃው ፊት የተቀመጠውን ባዘዘውን አየ። ጋቢውን አየ። ቀስ ብሎ መዳፉን ገልጦ ቀለበቱን አየ።]

ኢያቄም፦ ከቆየ… ምን ይሆናል? ንገረኝ። አላቋርጥህም። በቅዱስ ላሊበላ አላቋርጥህም፤ እስከ መጨረሻው ጨርስልኝ!

ባዘዘው፦ ከዚያማ መብራት ሄደ።